ነፋሱን ማን ይመጥነዋል?

ደብረ ኤልያስ ተወልዶ የነቢዩን ታሪክ ሳይሰማ ያደገ የለም። ልጆች ሳለን የምንወደው ግን ሁለቱን ኤልያስ ብቻ ነበር፤ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ የሚያወርደውንና በሠረገላ የሚነጠቀውን። በመካከል ያለውን፣ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ ሞቱን ለምኖ ኮሬብ ዋሻ ውስጥ የተሸጎጠውን ኤልያስ ማንም ልጅ አይፈልገውም። በዚያ ዋሻ ደጅ ተራራ የሚሰነጥቅ ነፋስ አለፈ፣ ምድር ተናወጠች፣ እሳት ነደደ፤ አምላክ በአንዱም አልመጣም። የመጣው ከሁሉም በኋላ፣ ጆሮ ካልሰጡት በማይሰማ ቀጭን ድምፅ ነው።

ሁሉን የሚችል ለምን ራሱን ይመጥናል? የሚመጥነውስ በማን ልክ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ከመምህራን ጉባኤ ባነሣቸው ደስ ባለኝ። ያነሣኋቸው ግን ኮሎራዶ ውስጥ፣ ጋራዤ ተቀምጬ የአየር ጠመንጃ ቫልቭ ስፈታ ነው። ሊያስቅ ይችላል፤ እኔንም አስቆኛል።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፣ ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም የዚያው ልጅ ነው። እኔ ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሬ ሥላሴ ከሚባለው ስደርስ አኮፋዳዬን ሰቅዬ ወጣሁ፤ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ከአንድ ብረት ቤት ቶርኖ ለመድኩ። ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው፤ ከዴንቨር አጠገብ በአንድ ፋብሪካ ብረት እቆርጣለሁ። የአየር ጠመንጃውን ያስያዘኝ ይኸው ሙያ እንጂ አደን አይደለም። የንስሐ አባቴ ወሬው ደርሷቸው እንዲህ ብለውኛል።

«አንተ ልጅ፣ ጎጃም ትተኸው የመጣኸው ጠመንጃ እዚህ ደግሞ ምን ሊሠራልህ ነው?»

«አባ፣ ይኼኛው ባሩድ የለውም። ነፋስ ነው።»

«ነፋስ ይገድላል?»

«ጥንቸል ይገድላል ይላሉ።»

«ጥንቸል ደግሞ አንበላም።»

«ወረቀት ነው የምመታው፣ አባ።»

ሳቁና ተዉኝ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ነው የከሰመው፤ ምክንያቱንም አውቃለሁ። ዛሬ በጎጃም ጠመንጃ ሲባል ማንም ወረቀት አይታሰበውም። ከዚያ አገር ወጥቶ ስለ ጠመንጃ መጻፍ ይከብዳል፤ እኔም የምጽፈው ስለ መግደል አይደለም፤ ስለ ቫልቭ ነው።

ቫልቩ እንዲህ ነው። ከአፈሙዙ ሥር የአየር ቋት አለ፤ በእጅ ፓምፕ ወይም ከጠላቂዎች ሲሊንደር እስከ 200 ባር ይሞላል። የመኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል ገደማ መያዙን ላሰበ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ቫልቩን ዘግቶ የሚይዘው ትንሽ ሞላና ራሱ የታመቀው አየር ነው። ቃታው ሲሳብ ከኋላ ያለው መዶሻ በሌላ ሞላ ተወርውሮ የቫልቩን ዘንግ ይመታዋል፤ ቫልቩ ለቅጽበት፣ ለሰከንድ ጥቂት ሺኛ ያህል እንኳ ላይሆን፣ ይከፈታል። አየሩ በአንዲት ቀዳዳ ሾልኮ ጥይት የሆነችውን እርሳስ ከጀርባዋ ይገፋል፤ ወዲያው በቋቱ የቀረው አየርና ሞላው ቫልቩን መልሰው ይዘጉታል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ የኦስትሪያ ጦር ጂራንዶኒ የሚባል ሰው የሠራውን የአየር ጠመንጃ የታጠቀው በ1780 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። የዚያን ጠመንጃ ቋት ለመሙላት ወታደሩ 1,500 ጊዜ ያህል ፓምፑን መግፋት ነበረበት። ትዕግሥቱን ይስጠን።

የእኔው ጠመንጃ ሦስት አፈሙዝ ይለዋውጣል፤ 4.5፣ 5.5 እና 6.35 ሚሊ ሜትር። ለዓይን ልዩነታቸው ኢምንት ነው። ነገር ግን አየር የሚገፋው የክቡን ስፋት ስለሆነ አንድ ሚሊ ሜትር ሲጨመር የሚገፋው ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ 6.35 ላይ ሲደርስ ሁለት እጥፍ። እርሳሷም ትከብዳለች፤ ለጠባቡ ግማሽ ግራም ያህል፣ ለመካከለኛው አንድ ግራም ገደማ፣ ለሰፊው ከአንድ ግራም ተኩል በላይ። ቋቱ ግን ያው ነው፤ አየሩም ያው።

አሁን ለ6.35 የተቃኘውን ቫልቭ ሳልነካ የ4.5ቱን አፈሙዝ ልግጠም። ስተኩስ እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጮኻል። ጩኸቱ ኃይል ይመስላል፤ ብክነት ነው። እርሳሷ ወጥታ ከሄደች በኋላም ቫልቩ ገና ክፍት ነው፤ ሥራ ያጣው አየር ከኋላዋ እየተንደረደረ ይወጣና ከኋላ ክፍት የሆነውን ጅራቷን ይነቀንቀዋል። ወረቀቱን ሄጄ ሳየው ቀዳዳዎቹ እዚህም እዚያም ተበትነዋል። ሳገላብጠው፣ ማለትም ለጠባቡ የተቃኘውን ለሰፊው ስሰጠው፣ ከባዷ እርሳስ እየተንቀረፈፈች ወጥታ ከነጥቡ በታች ትገባለች። ከሁለቱ አንዱም የአፈሙዙ ጥፋት አይደለም። መፍትሔው የመዶሻውን ሞላ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያላሉ ወይም እያጠበቁ መሞከር ነው፤ ካልሆነም አየሩ የሚሾልክባትን ቀዳዳ መለወጥ። ቀዳዳዋን በፑንታ ማስፋት ቀላል ነው። አንዴ የሰፋችውን ማጥበብ ግን አይቻልም፤ ሌላ ቁራጭ ቶርኖ ላይ አስሮ እንደገና መሥራት ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ቋቱ ከልኩ በላይ ሲሞላ ጠመንጃው ይደክማል። ግፊቱ ቫልቩን አጥብቆ ስለሚይዘው መዶሻው በደንብ ሊከፍተው አይችልም፤ እርሳሷ ቀስ ብላ ትወጣለች። ጥቂት ተተኩሶ አየሩ ሲቀንስ ፍጥነቷ ይጨምራል፤ ቋቱ መጉደሉን ሲቀጥል ደግሞ እንደገና ይወርዳል። ሙሉ በሙሉ የሞላው ቋት ከሁሉ ያነሰ ይሰጣል ማለት ነው። ብዙ ከተማሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ለምን አንዲት ቃል እንደማይወጣቸው ያኔ ገባኝ።

የኦሊምፒክ የአየር ጠመንጃ ውድድር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚተኮሰው በ4.5 ሚሊ ሜትር፣ በዝግተኛ እርሳስ፣ ከ10 ሜትር ርቀት ነው። የአሥሩ ነጥብ ክብ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ኃይል የሚፈልግ ሰው ወደዚያ አይሄድም። ግን ከዚያ የረቀቀ ተኩስ የት ይገኛል?

ወደ ቅኔ መምህሬ ወደ የኔታ ልመለስ። እኛ ጉባኤ የኔታ ለጀማሪ የሚሰጡት ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት። እያለ እያለ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት ቤት ይደርሳል። ተማሪው ቀን ከዛፍ ሥር ተጋድሞ ሲቆጥር የዋለውን ማታ ለነገራ፣ ማለት ለመምህሩ ለማሰማት፣ ይዞ ይቀርባል። ጀማሪው የተሰበረ ግእዙን ሲያሰማ የኔታ፣ «ደግ ነው፤ ቤቱን ምታ፣ ቀለሙን አስተካክልና ተመለስ» ይሉታል። መወድስ ላይ የደረሰው ደግሞ ለእኛ ጆሮ እንከን የሌለውን ቅኔ ሲያቀርብ፣ «ይህ ምኑ ቅኔ ነው?» ብለው ከነሥሩ ይነቅሉበታል። ለእኔ ይህ ዓይን ያወጣ አድልዎ ነበር። የተማረው ይሰደባል፣ ያልተማረው ይመሰገናል። አሁን ግን ይገባኛል፤ የኔታ ያንን ግሣጼ ለጀማሪው ቢያደርጉት ኖሮ ልጁ በማግሥቱ ወደ እናቱ ቤት በተመለሰ ነበር፤ ያንን ምስጋና ለመወድሰኛው ቢያደርጉት ደግሞ እዚያው በበሰበሰ ነበር።

ንስሐም እንዲሁ ነው። አንድ ዓይነት ኃጢአት ይዘው የመጡ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቀኖና ይዘው ላይመለሱ ይችላሉ። ለጎረምሳው ስግደት ይታዘዛል፤ ለታመመው ጸሎት፣ ለባለጸጋው ምጽዋት። አርስቶትል ስለ ልክ ሲናገር የታጋዩን የሚሎን ምግብ ያነሣል፤ ለሚሎ የሚያንሰው መጠን ትግል ለሚጀምር ሰው ይበዛል። ፈላስፋውና የንስሐ አባቴ እዚህ ላይ አይጣሉም።

እስካሁን ያልኩትን አንባቢ ያለ ችግር ይቀበለኛል ብዬ እገምታለሁ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአገራችን «ልክህን እወቅ» የሚባለው ማን ነው? ጭሰኛው ነው፣ ሴቷ ናት፣ ቀጥቃጩ ነው፣ ሸማኔው ነው። የጎጃም ባላባት ለገበሬው ልጅ አፈሙዙን ለክቶ ጨርሶ ነበር፤ ጠባብ ነህ፣ ይህ ይበቃሃል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የድኻው ልጅ በዛብህ በትምህርቱ ከማን ያንሳል? ከፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ከሰብለ ጋር መዋደዱ ወንጀል የሆነው ግን ልኩ ገና ሳይወለድ ስለተቆረጠ ነው። «ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ» የሚለው ሐሳብ አቅሙን የሚለካው ሰው ቆራጩ ራሱ ሲሆን ግፍ ይሆናል። ቅኔም ቢቀኙለት፣ ጥቅስም ቢጠቅሱለት፣ ግፍነቱ አይቀርም።

ጎጃም ለዚህ መልስ የሚሆን ሰው አፍርታለች። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ፣ ሴት ነበሩ። በዘመኑ ሚዛን ለሁለት ምክንያት ጠባብ አፈሙዝ ማለት ነው። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩና ልጄ ማየት አትችልም፣ ሴት ናት ብለው አልተዉአቸውም፤ አስተማሯቸው። እሳቸውም በተራቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ቅኔ አስተማሩ። አባትየው የልጃቸውን ስፋት ያወቁት የአገሩን ሚዛን አይተው አይደለም፤ ልጅቷን ሰምተው ነው።

አፈሙዝ አንዴ ከተቦረቦረ ያው ነው። 4.5 ሆኖ የወጣ ነገ 6.35 ሆኖ አያድርም። ሰው ግን እንዲህ አይደለም፤ ይህንንም የሚለው የዘመኑ መምህር ሳይሆን በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ነው። በእርሱ ትምህርት ነፍስ የሚሰጣትን በተቀበለች ቁጥር ትሰፋለች፤ ስትሰፋ ደግሞ ሌላ ትሻለች፤ ለዚህም መጨረሻ የለውም። ስለዚህ ዛሬ ልክ የሆነው ነገ ያንሳል። ሞላውን አንዴ አስተካክሎ መዝጊያውን በሙጫ ማሸግ ለብረት ይሆናል። ለሰው አይሆንም።

ኤልያስን እንደገና አንብቡት። ቀርሜሎስ ላይ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት እሳት ያወረደው፣ ንጉሡን አክዓብን ያንቀጠቀጠው ሰው ነው ብዙም ሳይቆይ ከክትክታው ሥር ወድቆ መሞት የተመኘው። ያው ሰው ነው። በቀርሜሎስ እሳቱን ተሸክሟል፤ በኮሬብ ግን እሳቱ ቢመጣ ያደቀው ነበር። እንግዲህ ልኩ የሰውየው ብቻ አልነበረም፤ የሰዓቱም ነበር። መልአኩም ቢሆን በመንገድ ላይ ያደረገለት ይኸንኑ ነው፤ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ ሰጠው፤ ከዚያ በፊት ስለ ተልእኮ አንዲት ቃል አላነሣበትም። የደከመን ሰው በስብከት የሚመቱ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ለምን እንደሚዘሉት አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስተውለውም። እግዚአብሔር ዋሻው ውስጥ ሳለ ኤልያስን ጠየቀው፤ እዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ። ነፋሱና እሳቱ ካለፉ በኋላም ያንኑ ጥያቄ ደገመለት። ኤልያስም ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ እሮሮ መለሰ። ልብን የሚያውቅ አምላክ ባይጠይቅም ያውቃል። የጠየቀው እኛ እንድንማር ይመስለኛል፤ ሳይጠይቁ የሰውን ልክ መቁረጥ እንደማይገባ።

ተቀባዩስ? ዝም ብሎ የተሰፈረለትን ይውሰድ? የኤልያስ ደቀ መዝሙር ኤልሳዕ እንዲህ አላደረገም። መምህሩ ሊነጠቅ ሲል የጠየቀው በመምህሩ ላይ ያለው መንፈስ እጥፍ ሆኖ እንዲያርፍበት ነው። ደፋር ተማሪ ነው። ኤልያስ አልተቆጣም፤ «ልክህን እወቅ» አላለውም። ከባድ ነገር መጠየቁን ነገረው፣ ቅድመ ሁኔታውንም ነገረው፤ ስነጠቅ ካየኸኝ ይሆንልሃል አለው። ኤልሳዕ ዓይኑን ሳይነቅል ተከተለ፣ አየ፣ መጎናጸፊያውንም አነሣ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለው ባለ አንድ መክሊትም የተኮነነው አንድ ስለተሰጠው አይደለም፤ ባለ ሁለቱና ባለ አምስቱ የሰሙት ምስጋና አንድ ነው። ጥፋቱ መቅበሩ ነው። እኔ ልጨምርበት ቢፈቀድልኝ፣ ጌታውን ክፉ አድርጎ ገምቶ ሁለተኛ ለመጠየቅ አለመድፈሩም ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ኃይልን በተቀባዩ ልክ መስጠት ፍትሕ ነው፤ ለሁሉ እኩል መልቀቅ ፍትሕ አይደለም፤ አንዱን ይሰብራል፣ ለሌላው አይደርስም። ነገር ግን ልኩን ሰጪው ብቻውን ቆርጦ የሚያስቀምጠው ከሆነ ከባላባቱ ሚዛን አይለይም። ሰጪው ይጠይቅ፣ ደግሞ ይጠይቅ፤ ተቀባዩም እጥፉን ለመለመን አይፈር።

ይህን ያስጻፈኝ ነገር አለ። በምንሰባሰብበት ቤተ ክርስቲያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። ልጆቹ አሜሪካ የተወለዱ ናቸው፤ የሦስት ሰዓት ቅዳሴ በግእዝ ቆመው ሲያዳምጡ ውለው ምን ሰማችሁ ሲባሉ ከበሮውን ይላሉ። ይህ ለ6.35 የተቃኘ ቫልቭ ነው፤ ሁሉንም እናንደረድርባቸዋለን፣ አንዱም አይያዝም። ከመካከላቸው አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት «ጋሼ፣ ወንዶቹ ለድቁና ግእዝ ይማራሉ፤ እኔ ቅኔ ለምን አልማርም?» ያለችኝ። አማርኛዋ ይንገዳገዳል፤ ጥያቄዋ ግን ቀጥ ያለ ነው። ነገሩን ለሚያስተባብሩት ሰዎች ሳቀርብ፣ «ኧረ ለሷ ይከብዳል፤ መዝሙር ይበቃታል» አሉኝ። ማንም አልጠየቃትም። ፊደሉን ከጨረሰች በኋላ ምን እንዳነበበች፣ ከቤት ማን እንደሚረዳት፣ ለምን እንደፈለገች የጠየቃት የለም።

እኔ መምህር አይደለሁም፤ ሥላሴ ላይ ያቋረጥኩ ቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ለማስቆጠር ግን ይህ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስትደርስ ደግሞ የሚበልጠኝን እንፈልግላታለን። ቅኔ የተማራችሁ፣ በዴንቨርም ሆነ በሌላ ቦታ የምትኖሩ፣ ያቋረጣችሁም ብትሆኑ፣ ከየአጥቢያችሁ እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ ሲመጣ ይከብድሃል፣ ይከብድሻል ከማለታችሁ በፊት እባካችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም በሁለት ቤት ጀምሩለት።